ፀሐይን በቃሬዛ ወደ ደጎላ

ከጎንደር ከተመለስሁ ወዲህ የጉለሌ ጎረቤቶቼ ስለ ፋሲል ግንብ ይጠይቁኛል። ግንቡን አይቼዋለሁ፤ ትልቅ ነው። ከዚህ በላይ መስማት የሚፈልግ ሰው ፎቶግራፉን ይግዛ። እኔ የምነግራችሁ አንድ መስታወት ይዘን ወደ ወገራ ደጋ ወጥተን የገጠመንን ነው። ወደዚያ አገር ለመሄድ ሐሳቡም በቅሎውም የሌላችሁ ሁሉ ስሙኝ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ሙሴ ጋስፓር የሚባል መሐንዲስ ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ፊቱን እንደ በርበሬ ያቀላችው ሰው። ይዞት የመጣው መስታወት በጦርነቱ ጊዜ የጠላት አይሮፕላን በሌሊት ሰማይ ላይ የሚፈለግበት የባውዛ መስታወት ነበር። ቁመቱ የሰው ያህል ነው፤ መካከሉ እንደ ገበቴ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ብርሃኑን ሁሉ ሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ይጥለዋል፤ እዚያች ነጥብ ላይ ያረፈ ብረት እንደ ሰም ይቀልጣል። ሙሴ ጋስፓር በዚህ መስታወት ያለ እንጨት፣ ያለ ከሰል፣ ያለ ናፍጣ ኖራም ሸክላም ማረሻም የሚያመርት ፋብሪካ ማቆም ይፈልጋል። ሲናገር ዓይኑ ይበራል። ስሰማው እኔም ዓይኔ ይበራ ነበር፤ ደመወዜ ግን ያው ነው።

ይህን ወሬ በወገራ በኩል ያሉ አንድ የወረዳ ገዥ፣ ፊታውራሪ አያልነህ፣ ሰሙት። በግዛታቸው ደጎላ በምትባል መንደር የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በክረምቱ ዝናም ተንዶ ነበር። ፊታውራሪ ግድግዳውን በኖራ አሠርተው ስማቸውን በድንጋይ ሊያስቀርጹበት ቆርጠዋል። ኖራ ደግሞ የሚገኘው ድንጋዩ በብርቱ እሳት ሲቃጠል ነው፤ ለዚያ የሚበቃ እንጨት በደጎላ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቆሙት ጽዶች ብቻ ናቸው። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ መዝሙር፣ “ከጽዱ በፊት እኔን ቁረጡኝ” ብለው በር ላይ ተቀመጡ። ፊታውራሪም “እንግዲያውስ ፀሐዩን ላኩልኝ፤ ፀሐዩ ካልሠራ መጥረቢያ ይሠራል” ብለው ወደ አዲስ አበባ ላኩ። እኛ የተላክነው ለዚህ ነው።

ማክሰኞ

መስታወቱ ቀድሞ በጭነት ማኪና ሄዷል፤ እኛ በአይሮፕላን ተከተልን። አዘዞ ላይ ለማረፍ ስንወርድ ሜዳው በከብት ተሞልቶ ስለ ነበር እረኛ እስኪያባርራቸው ድረስ በሰማይ ዞርን። በእኛ በአዲስ አበባ ከብት ከመንገድ የሚያባርር ፖሊስ አለ፤ ከብቶቹ ግን አይሰሙትም። እዚህ ቢያንስ ይሰማሉ።

ማኪናችን ኬላው ላይ ቆሞ ጠበቀን። የኬላው ዘበኛ ጭነቱን ካላየሁ አላሳልፍም ብሏል። ጨርቁን ገልጠን አሳየነው። ዘበኛው መለዮውን አስተካክሎ፣ ጢሙን ዳብሶ፣ ራሱን ሊያይ ቀረብ አለ። እንዲህ ያለ ጎድጓዳ መስታወት ደግሞ ራቅ ብሎ የቆመን ሰው ዘቅዝቆ ነው የሚያሳየው። ሰውየው ራሱን እግሩ በሰማይ፣ መለዮው በምድር ሆኖ አየው።

“ማነው እኔን የዘቀዘቀ?” አለ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ።

“ማንም አልዘቀዘቀህም፤ የመስታወቱ ጠባይ ነው” አልሁት።

“የመንግሥት ዘበኛ የሚዘቀዝቅ ጠባይ ምን ዓይነት ጠባይ ነው?”

ሙሴ ጋስፓር ይህን ስተረጉምለት በደስታ ስለ ብርሃን ሕግ ማስረዳት ጀመረ። እኔ ግን ዘበኛውን በክንዱ ይዤ ወደ መስታወቱ አስጠጋሁት። ቀረብ ሲል ፊቱ ተቃና፤ ደግሞም እንደ ጀኔራል ፊት ሰፋ። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው። “እለፉ” አለን በመጨረሻ፤ “ይኸኛው ትክክል ነው።”

በጎንደር ከተማ ጣሊያን የሠራው ሆቴል ውስጥ አደርን። ውሃ የሚመጣው ሲጠሩት አይደለም፤ ሲፈልግ ነው።

ረቡዕ

ፊታውራሪ አያልነህ በቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለው የከተማ ቤታቸው ምሳ ጋበዙን። ወፈር ያሉ፣ ድምፃቸው የሚያምር፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። የጾም ቀን ስለ ሆነ ሽሮውና ተልባው፣ ሱፍ ፍትፍቱና አዚፋው ተደረደረ። ሙሴ ጋስፓር ለእሱ ተብሎ የተጠበሰለትን ዶሮ ትቶ ከእኛ ጋር ተልባ በላ፤ ዶሮውን ማን እንደ በላው አልታወቀም።

ፊታውራሪ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ “ደስ ይበላችሁ” አሉ፤ “ዛሬ ጧት ለአዲስ አበባ ቴሌግራም አስመትቻለሁ። በደጎላ ኖራ በፀሐይ መመረት ጀምሯል ብያለሁ።”

ተረጎምሁለት። መሐንዲሱ ደነገጠ። “ገና መስታወቱ ከማኪናው አልወረደም፤ እንዴት ጀምሯል ይላሉ?”

“ንገረው” አሉኝ ፊታውራሪ ዓይናቸውን ጨፍነው፤ “ቴሌግራም በእኛ አገር ቀርፋፋ ነው። እስኪደርስ እንጀምራለን።”

ሐሙስ

ማኪናው እስከ አምባ ጊዮርጊስ አደረሰን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለእግርና ለበቅሎ እንጂ ለጎማ አልተፈጠረም። ከደጎላ ስምንት ጎልማሶች ሊቀበሉን ወጥተው ነበር፤ መሪያቸው አያ ደምስ ይባላሉ። ፂማቸው የሸበተ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ገበሬ ናቸው። መስታወቱን እንዴት እንደሚሸከሙት መከሩና ቃሬዛ ሠሩ። እንዳይቧጨር በገለባ ደገፉት፤ አያ ደምስ ደግሞ ነጭ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት።

እኔ ከኋላ በበቅሎ እከተላለሁ። ከፊቴ ነጭ ጋቢ የለበሰ ቃሬዛ በስምንት ሰው ትከሻ ላይ ይሄዳል። አንድ መንደር አጠገብ ስንደርስ የሚያርሰው በሬውን አቆመ፤ ውሃ የምትቀዳው እንስራዋን አወረደች። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሮጣ መጣች።

“ኧረ ማነው የሞተ?”

“የሞተ የለም” አላት ከፊት የተሸከመው፤ “የፀሐይ ነው።”

“ወይኔ ፀሐይ!” አለችና ደረቷን መታች። “የአያ ወንድሙ ልጅ ፀሐይ? አራስ አይደለችም እንዴ!”

ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልተገኘም። ሌሎች ሴቶች ልቅሶውን ተቀበሏት። ወንዶቹም ዱላቸውን እየጣሉ ቃሬዛውን ለመሸከም ተሻሙ። እውነተኛዪቱ ፀሐይ ልጇን ታቅፋ ከደጇ ላይ “ምነው እናንተ፣ እኔ እዚህ አለሁ!” ብላ እስክትጮህ ድረስ ግማሽ መንደር አልቅሷል። ልቅሶው ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ ግን የተዘጋጀ ሐዘንተኛ ሳይበላ አይሄድምና የፀሐይ አባት አስገብተው ጠላና ቂጣ አቀረቡልን። በእኛ ሠፈር ሰው በእውነት ሲሞት እንኳ እንዲህ ያለ ሩጫ አላየሁም፤ መጀመሪያ የዕድር ገንዘቡን ከፍሎ እንደ ሆነ ይጠየቃል።

ሲመሻሽ ደጎላ ገባን። ጽዶቹን ከሩቅ አየኋቸው፤ በተራቆተው ኮረብታ ላይ የቆመ ጥቁር ጎፈሬ ይመስላሉ።

ዓርብና ቅዳሜ

ሁለቱንም ቀን ጉም። ከቤት ወጥቼ እጄን ብዘረጋ ጣቴን ፈልጌ አጣሁት። ፀሐይ ያለችበትን አቅጣጫ እንኳ የሚያውቀው ዶሮው ብቻ ነበር። ሙሴ ጋስፓር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ተጣላች እጮኛ ፀሐይን ሲጠብቅ ዋለ።

ያረፍነው በአያ ደምስ ቤት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ የራሳቸውን መደብ ለቅቀው፣ አጎዛ አንጥፈው፣ ባና ደርበው አስተኙን፤ እነሱ ከጥጃዎቹ አጠገብ ተኙ። እንዲህ አይሆንም ብል “እንግዳ ምን አገባው? ተኛ!” አሉኝ። የጉለሌዋ አከራዬ እንግዳ ሲመሽበት መጥረጊያ አንሥታ እግሩ ሥር መጥረግ ትጀምራለች፤ እኔም ልማድ ሆኖብኝ መጥረጊያውን ስፈልግ አመሸሁ። መሐንዲሱ በረጅም ቁመቱ በገባ በወጣ ቁጥር ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር ያጋጨው ነበር። ቅዳሜ ጧት ሲወጣ እንደ ወትሮው አጋጨው፤ ግን አላመመውም። ወይዘሮ ጥሩዬ በጉበኑ ላይ የበግ ለምድ ጠቅልለው አስረውበት ነበር። ሰውየው ለምዱን እየዳሰሰ ቆመ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አያ ደምስ ወደ ጽዶቹ ወሰዱኝ። ከአንደኛው ሥር ቆመው ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

“አባቴ እዚህ ነው ያለ” አሉኝ። “እናቴ ከዚያኛው ሥር። እኛ በመቃብር ላይ ድንጋይ አናቆምም፤ የድኃ ድንጋይ ማን ያውቀዋል? ጽዱን ግን ሁሉ ያውቀዋል። የደምስ አባት ጽድ ይባላል።”

“ፊታውራሪ ሊያስቆርጡት ቢመጡ ምን ታደርጋላችሁ?”

“ግድግዳው ቢቆምልን ሸጋ ነው” አሉ። “ታቦቱ በዳስ ከርሟል፤ ያሳፍራል። እሳቸው ጌታ ናቸው፤ እኔ ገበሬ ነኝ። ያ ፈረንጅ እውነት ይሠራልን ይሆን?”

እኔ የማውቀው ቋንቋ እንጂ ፀሐይ አይደለም። “ይሠራል” አልሁ። ጉሙ አንገታችን ድረስ ደርሶ ነበር።

እሑድ

ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርሌ ሆኖ ነጋ። አንዲት የደመና ቁራጭ የለም። መሐንዲሱ ቁርሱን ሳይበላ መስታወቱ ወዳለበት ሮጠና ጋቢውን ሊገልጥ እጁን ሰደደ። ከቅዳሴ የወጡት አለቃ መዝሙር ደረሱበት። አለቃ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ነጭ ሻሻቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው።

“ልጄ፣ ንገረው፤ ዛሬ ሰንበት ነው።”

ነገርሁት። መሐንዲሱ ወደ ሰማይ አየ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። “እኔ የእናንተ ምእመን አይደለሁም፤ ብቻዬን ልሥራ” አለ።

አለቃ ትንሽ አሰቡበት። “እሱስ ይሥራ፤ ፀሐዪቱ ግን የእኛ ሰበካ ናት።”

ቀኑን ሙሉ እንዲያ ስታበራ ዋለች። ሙሴ ጋስፓር ከጽዱ ጥላ ሥር ተቀምጦ በባርኔጣው ፊቱን ሸፈነ፤ እንዳያያት።

ሰኞ

እንደ ገና ጠራ። መስታወቱን በጧት አቆምነው። ፊታውራሪ ግን “እኔ ሳልመጣ እንዳትጀምሩ” ብለው ልከዋል። ስንጠብቅ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ጥሩዬ እፍኝ ገብስ በገል ይዘው መጡ።

“ይቆላልኝ እስቲ” አሉ።

መሐንዲሱ ገሉን በነጥቧ ላይ ያዘላቸው። ገብሱ ጧ ብሎ ዘለለ፤ ወዲያው ጭስ ሆነ፤ ወዲያው ምንም ሆነ። ገሉም ተሰነጠቀ።

“ይኸ እሳት ሥርዓት የለውም” አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ የተሰነጠቀውን ገል እያገላበጡ። “ማማሰያ እስካመጣ እንኳ አይጠብቅም!”

ፊታውራሪ የደረሱት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። አሽከሮቻቸው ጌታቸው የሚቀመጡበትን ዳስ በፀሐይና በመስታወቱ መካከል ተከሉት። መሐንዲሱ ጮኸ፤ ነቀሉት። እንደ ገና ተከሉት፤ አሁን ደግሞ ፀሐዪቱን በከፊል ጋረዳት። ከዚያ ንግግሩ ተጀመረ። ፊታውራሪ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ሥልጣኔ ተናገሩ። መሐንዲሱ እጅጌዬን እየጎተተ “ፀሐይ እየሄደች ነው በላቸው” አለኝ። ቀርቤ በጆሯቸው ነገርኋቸው።

“ትጠብቅ” አሉና ቀጠሉ። “ከዛሬ ጀምሮ በደጎላ ምድር ኖራ የሚመረተው በፀሐይ ነው! ለኖራ ብሎ ዛፍ የሚቆርጥ ሁሉ የሥልጣኔ ጠላት ነው! ይህን ቃሌን ለአዲስ አበባ አስተላልፌዋለሁ!” እልልታው ቀለጠ።

በመጨረሻ ተራው የመስታወቱ ሆነ። መሐንዲሱ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ በሽቦ ቅርጫት አድርጎ በነጥቧ ላይ አቆመ። ድንጋዩ ቀላ፤ ከዚያ ለማየት እስኪያቅት ድረስ ነጣ። እኔ በአዲስ አበባ ፋብሪካ አይቻለሁ፤ ጭስ፣ ጫጫታ፣ ዘይት ነው። እዚህ ግን ምንም ድምፅ የለም፤ አንድ ድንጋይ ብቻ በፀሐይ ውስጥ ይነዳል። ፀሐዪቱ እየደከመች ስትሄድ መሐንዲሱ ድንጋዩን አውርዶ፣ ሲበርድ ውሃ ጠብ አደረገበት። ድንጋዩ ጮኸ፤ ተነፋ፤ እንደ ዱቄት ፈረሰ። አለቃ በጣታቸው ቆንጥረው አዩት። “ኖራ ነው” አሉ።

ፊታውራሪ ሊያዩ ቀረቡ። ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላቸውን የያዘው አሽከር አብሮ ቀረበ፤ መስታወቱን ግን ማንም አልሸፈነውም ነበር። የጥላው ጫፍ በዚያች ነጥብ ላይ ሲያልፍ ጢስ፣ ከዚያም ነበልባል ወጣ። አንድ ሰው በእጁ የነበረውን ጠላ ደፋበት፤ ግማሹ በፊታውራሪ ላይ ፈሰሰ። የሳቀ የለም። የአያ ደምስ ትከሻ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያን ቀን የተገኘው ኖራ እንቁላል አያህልም። መሐንዲሱ ከቅጽሩ በር ላይ ፊታውራሪን አቁሞ እውነቱን ነገራቸው፤ እኔም አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምሁት። “በዚህ መስታወት ይህን ግድግዳ ለመጨረስ የእርስዎ የልጅ ልጅ ልጅ ይደርስበታል። ብዙ መስታወት፣ ጉም የማይተኛበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህ ሙከራ ነው።”

ፊታውራሪ ጠላውን ከፊታቸው ጠረጉ። “ግሩም ሙከራ ነው” አሉ። ከዚያ ወደ አሽከራቸው ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ “ነገ ጽዶቹ ይቆረጡ” አሉት። እኔ የምበላው በጆሮዬ ነውና ሰማሁ። ለአለቃም ሄጄ ነገርኋቸው። አለቃ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብለው ቅጽር ውስጥ ገቡ። በልቤ አለቀ፣ ደከሙ አልሁ።

ማክሰኞ

ጉም ተመለሰ። በጉሙ ውስጥ መጥረቢያ የተሸከሙ ሰዎች በቅርብ ካለ የገበያ ከተማ መጡ። ፊታውራሪም በአዲስ ጥላ መጡ። የመጀመሪያው መጥረቢያ ከትከሻ ሲወርድ ደወሉ ተደወለ። በሥራ ቀን ደወል የሚደወለው ለእሳት ወይም ለሞት ነውና ደጎላ በሙሉ፣ ከጎረቤት መንደር የሐሙሶቹ ሐዘንተኞችም ጭምር፣ ከጉሙ ውስጥ እየሮጡ ወጡ።

አለቃ መዝሙር መስቀላቸውን ይዘው ከፊታውራሪ ፊት ቆሙ። እጅ ነሡ።

“ጌታዬ፣ የትናንቱን አዋጅ ሽማግሌዎቹ በጆሮ ድካም፣ ሴቶቹ በእልልታ ብዛት አልሰሙትም። እባክዎ ይድገሙልን።”

“የምን አዋጅ?”

“ያን፣ ለአዲስ አበባ ያስተላለፉትን። ለኖራ ብሎ ዛፍ የሚቆርጥ ምን ነው ያሉት? እኔም አርጅቻለሁ፤ ጠፋኝ።”

ሕዝቡ ወደ ፊታውራሪ፣ ፊታውራሪ ወደ መጥረቢያዎቹ አዩ። ከሕዝቡ መካከል አያ ደምስ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ።

“የሥልጣኔ ጠላት ነው ያሉት፣ ጌታዬ” አሉ። “እኔ ሰምቻለሁ።”

ፊታውራሪ አያ ደምስን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው አዩ። ፊታቸው ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ። አንድን ገበሬ ማሰር ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰ ቴሌግራም ግን አይታሰርም። ድንገት ወደ ቆራጮቹ ዞሩና ጮኹ፦

“እናንተ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? መጥረቢያ ይዛችሁ ኑ ያላችሁ ማነው?”

“እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ” አለ አንዱ የዋህ።

“ዝም በል! መጥረቢያውን ጣሉና ድንጋይ ተሸከሙ! ግድግዳው እንደ ቀድሞው በጭቃና በጭድ ይነሣል፤ የአባቶቻችን ሥራ ነው!”

እልልታው ከሰኞው በለጠ። ወይዘሮ ጥሩዬ “እነዚህ ምስኪኖች ምን በደሉ” ብለው ቆራጮቹን አስገብተው አበሏቸው፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ሲሸከሙ ዋሉ። ያቺን እንቁላል የማታህል ኖራ አለቃ በውሃ በጥብጠው በቤተ ክርስቲያኑ በር መቃን ላይ መስቀል ሠሩባት። ስም የሚቀረጽበት ድንጋይ ነገር አልተነሣም።

ረቡዕ

መስታወቱን በቃሬዛ አንሥተን ልንሄድ ስንል ሙሴ ጋስፓር ወደ አለቃ ቀረበ። አንገቱን ደፍቶ ነበር።

“ይቅርታ አድርጉልኝ በላቸው” አለኝ። “ያን ያህል መንገድ መጥቼ፣ ያን ያህል አስቸግሬ፣ ምንም ሳልሠራ መሄዴ ነው።”

“ንገረው፣ ልጄ” አሉ አለቃ። “እዚህ ኮረብታ ላይ ብዙ እንግዳ ወጥቷል፤ ደርቡሽም፣ ጣሊያንም፣ የራሳችንም ጌቶች። ለድንኳን የቆረጠ አለ፣ ለምሽግ የቆረጠ አለ፣ ለእልኩ የቆረጠም አለ። ዛፍ ሳይቆርጥ የወረደ እንግዳ እሱን ብቻ አየሁ።”

ተረጎምሁለት። መሐንዲሱ ወደ ላይ ቀና ብሎ ጽዶቹን አየ። ስማቸው ምን እንደሚባል ጠየቀኝ። ነገርሁት፤ ሊል ሞከረ። “ሲት” አለ። “ሲድ” አለ። የአያ ደምስ ትከሻ ሳቀ፤ ወይዘሮ ጥሩዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ደግሜ ላስጠናው ስል አለቃ እጄን ያዙኝ።

“ተወው፣ ልጄ” አሉ፤ “ስሙን አጣርቶ የሚያውቅ ሁሉ መጥረቢያ ይዞ ነው የሚመጣ።”